ዘጠነኛው ፊርማ

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የሰኔ ሰኞ ጧት፣ ብዙነሽ ከችፑድ ግድግዳው ማዶ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። የንግግሩ ግማሽ ከጆሮዋ ወጥቶ ጠፍቷል፤ ግማሹ ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ያኔ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሬጅስትራር ቢሮ የጽሕፈት መኪና ላይ ነበረች። ከግድግዳው ማዶ ያለው ክፍል የተማሪዎች ማደሪያ ንብረት ክፍል ነው፤ ለተማሪ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚያስረክበውም የሚረከበውም ታላቅ ወንድሟ ሕሩይ ነበር። «አስቀምጪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» ትላለች አንዲት ተመራቂ ልጅ። ወንበር ተንቋቋ። ቀጥሎ የሕሩይ ድምፅ፣ ከወትሮው ዝግ ብሎ፣ «ካርዱ ላይ አልተፈረመም እኮ፣ እህቴ» አለ። ልጅቷ ማለች፤ በእናቷ ይሁን በፈጣሪዋ፣ ብዙነሽ ዛሬ አታስታውስም። ሕሩይ ስለ ስድሳ ብር አንድ ነገር ተናገረ፤ በዚያን ጊዜ የአንድ ብርድ ልብስ ዋጋ መሆኑ ነው። የመጨረሻውን ግን ቃል በቃል ታውቀዋለች። «የመለስኩትን አልከፍልም» አለች ልጅቷ። አልጮኸችም። ኮቴዋ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ። ብዙነሽ ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ አንስታ ትንሽ ከቆየች በኋላ ወረቀት ቀየረችና ሥራዋን ቀጠለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሰኔም እንደገና ገብቷል። የጽሕፈት መኪናው ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ችፑዱ ደግሞ ትናንት ተነቅሎ በረንዳው ላይ ዝናብ እየጠጣ ያብጣል። ይህ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ያለው የድንጋይ ሕንፃ መስከረም ላይ የተማሪዎች አገልግሎት ማዕከል ሊሆን ነው። እስከ ዛሬ አንድ ተማሪ ከግቢው ለመሰናበት የክሊራንስ ወረቀቱን ይዞ ዘጠኝ ቢሮ ይዞር ነበር፤ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ክሊኒክ፣ ከምግብ ቤት እስከ ስፖርት ሜዳ፤ አንዱ ሲገኝ አንዱ ምሳ ወጥቷል፣ አንዱ ለቅሶ ሄዷል። የማደሪያ ንብረት የመጨረሻው ስለሆነ ተማሪው ሁሉ «ዘጠነኛው መስኮት» ይለው ነበር። ከእንግዲህ ቁጥር ቆርጦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉንም አንድ አዳራሽ ውስጥ መጨረስ ነው ተብሏል። ብዙነሽ ነገሩን አልጠላችውም። ስንቱ ልጅ በዚያ ዳገት ሲመላለስ ጫማው ሲያልቅ አይታለች። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ስትገባ ሠራተኞቹ የዘጠነኛውን መስኮት ፍሬም በዲጂኖ እየፈነቀሉ ነበር፤ እጅ ብቻ የምታሳልፈዋ ጨረቃ የመሰለች ቀዳዳ ያለችበት ጣውላ ተገንጥላ መሬት ላይ ወደቀች፤ አንዱ ሠራተኛ አነሣና ምሳ ዕቃውን አስቀመጠባት።

ብዙነሽ በመጪው መስከረም ጡረታ ትወጣለች። የቀራት ሥራ ያረጁ ፋይሎችን መለየት ነው። የተዘጉት አረንጓዴ ምልክት ይለጠፍባቸውና ወደ ኮምፒውተር ይገባሉ፤ ያልተዘጉት ቀይ ይለጠፍባቸውና ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ይጫናሉ። ሠራተኛው መጋዘኑን «የሙታን ሰፈር» ይለዋል፤ እዚያ የገባ ፋይል ተመልሶ ሲወጣ ያየ የለምና። መኪናው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል። ከተከመሩት ቀዮች መሐል ከላይ አምስተኛው የሀናን ሁሴን ነበር። ብዙነሽ ሳትከፍተው አወቀችው። ከፈተችው ግን። ፎቶው ላይ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ልትቆጣ ያሰበች የምትመስል ልጅ አለች። ከሥሩ የክሊራንስ ወረቀቷ። ዘጠኝ መስመር፤ ስምንቱ ተፈርመዋል። ስምንተኛው የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊው የጎበና ቱሉ ነው፤ ጋሽ ጎበና ስሙን ሲጽፍ የመጨረሻውን ፊደል ጅራት ረዘም አድርጎ ይጎትተው ነበር። ቀኑም ተጽፎበታል፤ የሞተበት ቀን ነው። ዘጠነኛው መስመር ባዶ ነው። ዳር ላይ በእርሳስ፣ በወንድሟ እጅ፣ «ብ/ልብስ 1» ይላል።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነፃነት የምትባል ሃያ ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ቢጫ የራስ ቁር አድርጋ፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ መጣችና ፋይሉን ከብዙነሽ እጅ አየችው።

«ውይ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ መጥታ ነበር፣ እትዬ ብዙነሽ። ከሦስት ሳምንት በፊት፤ እርስዎ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ሲግናል አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስምንት ዓመት በረዳትነት አስተምራለች። አሁን ማስረጃ የሌለው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ይሰናበታል ብለዋታል። ሙሉ ኮርሱን ጨርሳ፣ በማዕረግ እኮ ነው፣ በአንድ ብርድ ልብስ! ሲስተሙ አይቀበላትም አልኳት። ምን ላድርግ?»

«ምንም መንገድ የለውም?»

«አለው እንጂ። በጊዜው የነበረው ሠራተኛ ራሱ፣ መታወቂያ ይዞ፣ ለኮሚቴው ለሦስቱም ሰዎች ቃሉን ከሰጠና እዚህ መስመር ላይ ከፈረመ አለቀ። ግን ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት። ከዚያ ወዲያ ዴድላይን ነው፤ እኔም አልችልም።» ስልኩን ከትከሻዋ አወረደች። «ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አለች ብዙነሽ፤ ነጠላዋን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሣች።

ቤቷ ከግቢው ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ታክሲ አልያዘችም፤ ማሰብ ፈልጋ ነው። ከፈረንሳይ አደባባይ በላይ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ይጀምርና ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ መንገዱን የሚለቀው ባዶ እጁን የሚወጣው ሰው ነው። እሷም ደጋግማ ለቀቀች። ጋሽ ጎበና በዚህ መንገድ ነበር በየቀኑ የሚወርደው፤ ቤቱ ከሁሉም በላይ፣ ከጫካው ሥር ነበር። የሞተ ዕለት አራት ሰዓት ላይ የንብረት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ከሕሩይ ጋር እየቀለደ፣ ደረቱን ያዘና ተቀመጠ፤ ከዚያም ተኛ። ብርድ ብርድ አለኝ ሲል ሕሩይ እጁ የደረሰበትን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አለበሰው። ግራጫ፣ ጠርዙ ቀይ ብርድ ልብስ። ሀናን የምትባል ተማሪ ከአሥር ደቂቃ በፊት አስቀምጣው፣ «ከሰዓት ስትመጪ ይፈረምልሻል» ተብላ የሄደችው ነው። በግቢው ፒካፕ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነፍሱ ወጥታ ነበር። በዚያው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወጣ። ብዙነሽ ለቅሶ ስትደርስ አይታዋለች፤ የማደሪያው ቁጥር በጥቁር ቀለም እንደተመታበት። አስከሬኑ ከተገነዘ በኋላ የጎበና ሚስት ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ልብሱን አንጥፋ እሱ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶኛው ሁሉ «ሕሩይ ነው የሸፈነው፣ ሕሩይ ይባረክ» ይል ነበር። በሳምንቱ ሰኞ ነው እንግዲህ ብዙነሽ ያንን ንግግር ከግድግዳው ማዶ የሰማችው። አንድና አንድ ሁለት ነው። በዚያኑ ሰዓት አውቃዋለች። ዝም አለች።

ሕሩይ መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳ ኖራ እየቀባ ነበር። እሁድ የጽዋ ማኅበሩ ተራ እነሱ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ነው፣ ሰብሳቢው፤ ሠላሳ ሰው ይመጣል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጆቹ የየራሳቸው ኑሮ አላቸው። ወንድምና እህት በወላጆቻቸው ቤት አንድ ግድግዳ ተካፍለው ይኖራሉ። የሚያወሩት ስለ ውሃ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣለች፣ ወይ አትመጣም። ስለ መብራት ነው። ስለ ሽንኩርት ነው፤ ዘንድሮ የሽንኩርት ዋጋ እንደ ሰው ጠባይ ሆኗል፣ ጧት ሌላ ማታ ሌላ። ከዚያ ያለፈ ነገር ከመጣ አንዳቸው ተነሥተው ይወጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ መሐል ተጎትቶ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ አልጋው፣ ሣጥኑ፣ በክር የታሰሩት የጸሎት መጻሕፍቱ። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ እህል አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ሥራ የለም?» አለ ሳይወርድ።

«አለ። የሀናን ሁሴን ፋይል ወጣ።»

ብሩሹ ግድግዳው ላይ ቆመ። «የቷ ሀናን?» አላለም። ኖራው ከብሩሹ በክንዱ ላይ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ወረደ። ብዙነሽ ነፃነት ያለቻትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። እስከ አሥር ሰዓት። ሦስት ሰው ፊት። ከሐምሌ አንድ በኋላ ልጅቱ ሥራ የላትም።

«እሁድ ማኅበሩ እዚህ ነው» አለ ሕሩይ።

«አውቃለሁ። ሽሮውን ያስፈጨሁት እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ግቢ ገብቼ፣ ሌባ ነበርኩ ልበል?»

«ሌባ ያለህ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ሰው ሸፈንክ።»

«እሱማ! እሱን እንዴት ብዬ ልናገረው?» ድምፁ ከፍ አለ፤ ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ አደረገው። «ከለቅሶ ቤት ብርድ ልብስ ይጠየቃል? ሴትዮዋ ተቀምጣበት ደረቷን ስትመታ፣ ‹ተነሽልኝ፣ የመንግሥት ንብረት ነው› ልበላት? ሬሳ የነካ ልብስ መልሼ ለተማሪ ላልብሰው?»

«ሴትዮዋን አትጠይቅ። ለልጅቷ ግን ትፈርምላት ነበር።»

«ብፈርም በእኔ ላይ ነው። የት አደረስከው ይሉኛል። በአንድ አንሶላ ከሥራ የተባረረውን ባልደረባዬን ረሳሽው? እናታችን ታማ ተኝታ፣ ልጆቹ ትንንሽ ሆነው!» በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ትከፍልና ትሄዳለች ብዬ ነው። ተማሪው ሁሉ እያጉረመረመ ይከፍል ነበር። ነሐሴን ጠበቅኳት። መስከረምን ጠበቅኳት። ራሴ ከፍዬ ልዝጋው ብዬም አስቤ ነበር፤ ለምን ከፈለ ይባላል ብዬ ፈራሁ። እንደዚያች ያለች ግትር በሕይወቴ አላየሁም።»

ውጭ የጎረቤት ዶሮ ቆርቆሮው ላይ ወጥታ ታንኳኳለች። ብዙነሽ የምትቀመጥበት ስላጣች በሩ ላይ እንደቆመች ነበረች። ሕሩይ ኖራ የነካውን እጁን እያየ፣ ለንስሐ አባቱ ከነገረ ቆይቷል አለ። ቀኖና ተሰጥቶት አርባ ቀን ጾሞ ሰግዷል። ነገሩ በእግዚአብሔር ዘንድ ተዘግቷል ብሎ ነው የኖረው።

«ካሳዋን ስጣት አላሉህም?»

«መጀመሪያ ያሉኝ እሱን ነው። አድራሻዋን አላውቅም አልኳቸው።»

«አድራሻዋ ፋይሏ ላይ አለ።»

«አዎ» አለ ሕሩይ፤ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ፋይሉ ደግሞ አንቺ ጋ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት። አንቺስ፣ እህቴ?»

ከእንስራው ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ኩባያውን አለቅልቃ ደፋችው። ስትወጣ ብሩሹ እንደገና ግድግዳውን ሲፍቅ ሰማች፤ አንዱን ቦታ ብቻ፣ ደጋግሞ።

ወደ ሲግናል ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያዘች። በሁለተኛው ላይ ረዳቱ ዝርዝር የለኝም ብሎ አምስት ብሯን ሊያስቀርባት ሲል አጠገቧ ያለው ሰውዬ «የእናትህ እኩያ ናት፣ አታፍርም?» አለው፤ ረዳቱም «እናቴማ በነፃ ነው የምትሄደው» ብሎ ሰውን አሣቀና መለሰላት። ብዙነሽ አልሣቀችም። የሀናን ሱቅ የት እንደሆነ ታውቃለች። ከአሥር ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ስታልፍ ሀናንን ምስር ስትመዝን በታክሲ መስኮት አይታት፣ ፊቷን ወደ ሾፌሩ መልሳ ነበር። ሱቁ የአባቷ የሁሴን ነው፤ ሰውየው ከደቡብ መጥቶ በርበሬና ጥራጥሬ እየሸጠ ልጆቹን ያሳደገበት። አሁን ሀናን ጧት መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ትውልና ከሰዓት ትከፍተዋለች። ብዙነሽ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ሱፊያን የሚባል ጎረቤት፣ ባለ ብረታ ብረቱ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ ያስመዝናል።

«መቶ አሥር» አለችው ሀናን።

«ለግማሽ? ያንቺ ምስር ዲግሪ አለው እንዴ?»

«የኔ ምስር እንደኔ ነው። ተምሯል፣ ወረቀት የለውም።»

ሱፊያን እየሣቀ ከፍሎ ሄደ። ሀናን ፎቶው ላይ ካለችው ልጅ ብዙ አልራቀችም፤ ግንባሯ ያው ነው፣ ዓይኗ ሥር ብቻ ጠቁሯል። ብዙነሽን ደንበኛ መስላት ምን ልስጥዎ አለቻት። ብዙነሽ በታክሲው ውስጥ ያዘጋጀችው መግቢያ ሁሉ ጠፋባት።

«ከግቢው ነው የመጣሁት። ከሬጅስትራር። ብዙነሽ እባላለሁ። የሕሩይ እህት ነኝ። የዘጠነኛው መስኮት።»

ሀናን የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ትጠርግ ነበር፤ መጥረጓን አልተወችም። «ብርድ ልብሱ ተገኘ?» አለች።

ብዙነሽ ነገረቻት። ቆማ ነው የነገረቻት፤ ሀናን ወንበር አላቀረበችላትም፣ እሷም አልጠበቀችም። ከግድግዳው ማዶ የሰማችውን ነገረቻት፤ ለቅሶው ላይ ያየችውንና ሕሩይ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት መፈረም እንዳለበት ነገረቻት፤ በዚያኑ ዕለት አውቃ ዝም ማለቷንም ጨመረች፤ ይህንን ለወንድሟ እንኳ እንዲህ አድርጋ ተናግራው አታውቅም። ስለ እናታቸው ሕመምና ስለ ሕሩይ ልጆች ልትናገር ጀምራ ተወችው። የጎበናን ስም ስትጠራ የሀናን እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ጎበና ላይ?»

«አዎ።»

«የጥበቃው ጋሽ ጎበና?» ጨርቁን አስቀመጠች። «እሱ እኮ ጧት ጧት በብርድ ለሱብሂ ሶላት ስነሣ ውሃ ያሞቅልኝ ነበር። በጣሳ። ‹ልጄ፣ በዚህ በረዶ ታጥበሽ አምላክሽ ጋ ስትሄጂ እያነጠስሽ ነው› ይለኛል። የዚያን ዕለት ጧት የፈረመልኝ እሱ ነው። ሰኞ ስመጣ ሞተ አሉኝ፤ አላመንኩም ነበር።» ወደ መንገዱ አየች። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። «ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? ‹ዲግሪዋን በብርድ ልብስ የለወጠች› ነው የሚለኝ። አባቴ ስድሳውን ብር እጄ ላይ አስቀምጦ ለምኖኛል። አልሰማሁትም። እኔ የመለስኩትን ‹አልመለስሽም› ስላለኝ ነው። ብሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም። ያኔ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ‹ጋሽ ጎበና በርዶት አለበስኩት› ቢለኝ፣ እከፍለው ነበር። መርቄው እከፍለው ነበር።»

አንዲት ሴት ጨው ጠየቀች፤ ሀናን ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ሁለቱን ተራ በተራ አይታ መልሷን ሳትቆጥር ሄደች። ብዙነሽ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሕሩይ በአምስተኛው ጥሪ አነሣ፤ ሰላምታ አልሰጠም።

«ነገርኳት» አለችው። «ምን እንዳለች ልንገርህ? ያኔ ብትነግራት መርቃህ ትከፍል ነበር።»

ብዙነሽ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ አየችው። አልተቋረጠም።

«መርቃ?» አለ ሕሩይ።

«መርቃ።»

«እዚያ ናት?»

«አጠገቤ ናት።»

«ስጪያት።»

ሀናን ስልኩን ስትቀበል መጀመሪያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ብዙነሽ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች፤ ስትሰማ የኖረች ሴት ናትና ላለመስማት ጥቂት ሞከረች፣ ግን ሱቁ ጠባብ ነው። «አቤት» አለች ሀናን። «አዎ፣ እኔ ነኝ... ደኅና ነኝ።» ረዥም ጊዜ አዳመጠች። በጣቷ የባንኮኒውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፤ ተመለሰችበት። «እሱን አሁን አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ይቅር ማለቱን። በኋላ እናየዋለን... አይ፣ ወረቀት በእህትዎ አይላኩ። እኔ ዘጠኙንም በእግሬ ዞሬያለሁ። እርስዎም ራስዎ ይምጡ።» እንደገና አዳመጠች። «እሺ። እኔም ዘግቼ እመጣለሁ።»

ስልኩን መለሰችና የሱቁን ተንሸራታች በር ለመጎተት የተሰቀለውን ሜንጦ አወረደች። ፊቷ አልተፈታም፤ ግን ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ብዙነሽ አቀረበችው፤ እስክዘጋ ይቀመጡ ማለቷ ነው።

«ምን አለሽ?» አለች ብዙነሽ ሳትቀመጥ።

«‹ለሦስቱም ሰዎች፣ መልሳለች፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ ብዬ እነግራለሁ› አሉ። ዘጠነኛው መስኮት ጋ እጠብቅሻለሁ አሉኝ።»

ብዙነሽ መስኮቱ ጧት መነቀሉን፣ ጣውላው ላይ ምሳ ዕቃ መቀመጡን ልትነግራት አሰበች። ቀዳዳው ግን አለ፤ ሰው ቆሞበት ሊያናግር ይችላል። ሌላ ነገር ትዝ አላትና መልሳ ደወለች።

«መታወቂያህን እንዳትረሳ» አለችው። «አስተባባሪዋን ጠይቅ፤ ነፃነት የምትባለውን። ኮሚቴው ጋ ታደርስሃለች። የብዙነሽ ወንድም ነኝ በላት።»

«ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ሕሩይ። ድምፁ ውስጥ ነፋስ ይገባል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል «ዘወር በሉ አባቴ» ሲሉ ይሰማል። መንገዱን ጀምሮታል።